የእጅ ሙያ ዓምድ፦ ዛቢያው ይጥበቅ



ባለፈው ሳምንት ማጭድ እንዴት እንደሚሳል ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ዛቢያ እንነጋገራለን። ዛቢያ ማለት የመጥረቢያ፥ የዶማ ወይም የመዶሻ እጀታ ነው። አንዳንዱ አገር እጀታ ይለዋል፤ አንዳንዱ መያዣ ይለዋል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ብረቱ ይቆርጣል፤ ዛቢያው የእጃችንን ኃይል ወደ ብረቱ ያደርሳል።

ዛፎች መጥረቢያ ሲመጣባቸው፥ «ብረቱን ባልፈራነው፤ ዛቢያው ግን ከእኛው ወገን ነው» አሉ ይባላል። እውነታቸውን ነው። ብረት ያለ ዛቢያ ምንም አይሠራም።

«ለዛቢያ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? እንጨት ቆርጦ መሰካት ነው እንጂ!» የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። አንድ ቀን የደረሰው ነገር ግን ሐሳባችንን አስለወጠን።

የጎረቤታችን መጥረቢያ

ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ማገዶ ለማዘጋጀት ከአንድ ጎረቤታችን ጋር እንጨት እንፈልጥ ነበር። የጎረቤታችን መጥረቢያ ከዛቢያው ላይ ይወዛወዛል። እሱም በየጊዜው ቆም እያለ በድንጋይ ይመታዋል። ጥቂት ፈልጦ ደግሞ ይላላበታል።

«ኧረ ይህ ነገር አስቸገረኝ! ምን ባደርገው ይሻላል?» አለን።

«ማታ ውኃ ውስጥ ንከረው። ጠዋት ጥብቅ ብሎ ታገኘዋለህ» አልነው።

የመከርነው እኛ ነን። አባቶቻችን ሲያደርጉት አይተናልና ትክክል መሰለን።

እንዳልነው አደረገ። ጠዋት መጥረቢያው ጥብቅ ብሎ ተገኘ። ጎረቤታችንም መረቀን። እስከ ቀትር ድረስ ደኅና ሠራ። ፀሐይዋም በረታች። ከቀትር በኋላ መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ ሲያነሣ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ በረረ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከኋላው ጭራሮ ትለቅም ነበር። ብረቱ እግሯን ከጉልበቷ በታች መታት።

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን ያዝን። ተሸክመንም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ቁስሉ ታጠበ፤ ተሰፋ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ተወጋች። ተመስገን፥ እግሯ ዳነ። ነገር ግን ሰኔን በሙሉ እያነከሰች አሳለፈች። አባቷም በእርሻ ሰዓት በጤና ጣቢያ መንገድ ተመላለሰ።

ጎረቤታችን እኛን አልወቀሰንም። እኛ ግን ራሳችንን ወቀስን። «ጠዋት ጥብቅ ያለ መጥረቢያ ከሰዓት በኋላ እንዴት ይወልቃል?» ብለን በሠፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድን።

ውኃው ለምን አላዳነም?

ሽማግሌው ታሪኩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፥ ውኃ ያጠበቀውን ፀሐይ ያላላዋል» አሉን። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አስረዱን።

እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ብረቱ ግን አይሰፋም። ስለዚህ ያበጠው እንጨት መሄጃ ያጣል፤ በብረቱ ውስጥ እርስ በርሱ ይጨፈላለቃል። ያን ጊዜ የጠበቀ ይመስለናል። እንጨቱ ሲደርቅ ግን ይሸሻል። የተጨፈለቀውም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ መጥረቢያው ከመነከሩ በፊት ከነበረው ይበልጥ ይላላል። ደግመን ስንነክረው ደግሞ ይብስበታል።

«ሚስማር ብንመታበትስ?» አልናቸው።

«ሚስማር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይሞላውም» አሉን። «መድኃኒቱ አራት ነገር ነው። እንጨት መምረጥ፥ ማድረቅ፥ ጠርቦ ማስገባትና በሽብልቅ ማጥበቅ ነው።»

እኛም እየጠየቅን ጻፍነው። አሁን በተራ እንየው።

1ኛ. እንጨት መምረጥ

ለዛቢያ የሚሆን እንጨት ጠንካራም መሆን አለበት፤ ሲመታ የማይሰበርም መሆን አለበት።

ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። ለመጥረቢያና ለመዶሻ ጥሩ ነው።

ክትክታ ቁጥቋጦ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለትንንሽ መሣሪያዎች ዛቢያ ይሆናል።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ በየቦታውም ይገኛል። ነገር ግን ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት።

ዋንዛ ለጠረጴዛና ለከበሮ የተመረጠ ነው። ለመጥረቢያ ዛቢያ ግን ይለሰልሳል።

አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የደን ደንብ ጠይቁ። ለአንድ ዛቢያ አንድ ትልቅ ዛፍ መጣል አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ወይም ለሌላ ሥራ ከተቆረጠ ግንድ የተረፈ ፍልጥ ይበቃል።

እንጨቱን ስታዩ በውስጡ እንደ ክር የተዘረጉ መስመሮች አሉ። እኛ የእንጨት ጅማት እንላቸዋለን። ጅማቱ ከዛቢያው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ጅማቱ በዛቢያው ጎን ሰያፍ ሆኖ ከወጣ ዛቢያው በዚያ ቦታ ይሰበራል። ስለዚህ እንጨቱን በመጋዝ ከመሰንጠቅ በመጥረቢያ መፍለጥ ይሻላል። ፍልጥ የጅማቱን መንገድ ይከተላልና። መጋዝ ግን ጅማቱን ሳያይ ይቆርጠዋል።

ጉጥ ያለበትን እንጨት ተዉት። ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ነው። ነቀዝ የበሳውንም ተዉት። ከወፍራም ግንድ ስትወስዱ የግንዱን መካከለኛ ልብ አስቀሩት። ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ከዚያ እየጀመረ ነውና።

2ኛ. ማድረቅ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዛቢያ ሲሰበር ዕለቱን እንጨት ቆርጠን፥ ዕለቱን ጠርበን እንሰካለን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በውፍረቱ ይቀንሳል። በርዝመቱ ግን የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የጠበቀው እርጥብ ዛቢያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በብረቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ዛቢያ ሳይሰበር እንጨት ቁረጡ። ፍልጡን ከሚፈለገው ውፍረት ትንሽ አብልጣችሁ ጥረቡት። ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ቀለም ቀቡአቸው። ከእንጨቱ ውስጥ ውኃው ፈጥኖ የሚወጣው በጫፎቹ በኩል ነው። ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሰሙ ግን ያዘገየዋል። ክትክታን የመሰለ ቀጭን እንጨት ከነልቡ ስለምንወስደው በተለይ ሰም ያስፈልገዋል።

ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ከእሳት አጠገብም አታድርጉት። ከውጭ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ይሆንና ይሰነጠቃል። የዛቢያ ፍልጥ እንደ አገሩ አየርና እንደ እንጨቱ ውፍረት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? የደረቀ እንጨት ከሌላ ደረቅ እንጨት ጋር ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚታመነው ሚዛን ነው። በየወሩ መዝናችሁ ክብደቱን ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ጥቅምት፦ 2 ኪሎ ከ700 ግራም
ጥር፦ 2 ኪሎ ከ450 ግራም
ሚያዝያ፦ 2 ኪሎ ከ300 ግራም
ግንቦት፦ 2 ኪሎ ከ300 ግራም

በሚያዝያና በግንቦት ክብደቱ እኩል ነው። መቀነሱን አቁሟል። እንግዲህ ደርቋል ማለት ነው።

በእንጨቱ ጎን ላይ የተቆረጠበትን ወርና ዓመተ ምሕረት በከሰል ወይም በእርሳስ ጻፉበት። «ይህ የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» እያላችሁ አትከራከሩም። ጽሕፈቱ ራሱ ይነግራችኋል።

3ኛ. ጠርቦ ማስገባት

በመጀመሪያ ርዝመቱን እንወስን። በሁለት እጅ ለሚያዝ ትልቅ መጥረቢያ ከ70 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአንድ እጅ ለሚያዝ ትንሽ መጥረቢያ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሜትር ከሌላችሁ ለትልቁ መጥረቢያ ክንዳችሁን ዘርጉ። ብረቱን በመዳፋችሁ ስትይዙ የዛቢያው ጫፍ ብብታችሁ ሥር ከደረሰ ልኩ ነው።

ዛቢያው ክብ ከሚሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ቢሆን ይሻላል። ክብ ዛቢያ በእጅ ውስጥ ይሽከረከራል። ሞላላ ከሆነ ግን እጃችን ሳናይ የብረቱ ስለት ወዴት እንደዞረ ያውቃል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ወፈር ይበል፤ ከላብ የተነሣ እጅ እንዳያመልጠው። ከዚያ በሞረድ አስተካክሉት። ሞረድ ከሌለ የጠርሙስ ስባሪ በወፍራም ጨርቅ ይዞ መፋቅ ይቻላል። በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። ብረቶች ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ ዶማ ያለው ነው። የዶማ ቀዳዳ በአንድ በኩል ሰፊ፥ በሌላው በኩል ጠባብ ነው። ዛቢያውም አናቱ ወፍራም ነው። ብረቱን በቀጭኑ የእጅ መያዣ በኩል አስገብተን ወደ ወፍራሙ አናት እንገፋዋለን። ስንቆፍር ብረቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ወደ ውጭ በሄደ መጠን ወፍራሙን ያገኛል፤ ይጠብቃል። ስለዚህ ሽብልቅ አያስፈልገውም። ሥራው ራሱ ያጠብቀዋል።

ሁለተኛው በሱቅ የሚሸጠው መጥረቢያ ነው። እዚህ ዛቢያው ከታች ወደ ላይ ይገባል። ብረቱን የሚይዘው ሽብልቁ ነው። ስለዚህ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ብረቱን በዛቢያው አናት ላይ አስቀምጡና የቀዳዳውን ቅርጽ በእርሳስ ሣሉ። ከመስመሩ ውጭ ያለውን ጥቂት በጥቂት ፋቁ። አትቸኩሉ፤ የተፋቀ እንጨት አይመለስም። የቀዳዳውን ውስጥ በከሰል ቀቡት። ዛቢያውን አስገብታችሁ መልሳችሁ አውጡት። እንጨቱ ላይ ጥቁር ምልክት የታየበት ቦታ ብረቱን የሚነካው ነው። እሱን ብቻ ፋቁ። ዙሪያውን እኩል እስኪነካ ድረስ ይህን ደጋግሙ።

በስተመጨረሻ ብረቱን ለማስገባት ብረቱን አትምቱት። ዛቢያውን ብረቱ ወደ ታች ሆኖ በአየር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ የዛቢያውን የታች ጫፍ በእንጨት መዶሻ ምቱት። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፤ ዛቢያው ወደ እሱ ይገባል። ስታዩት ያስገርማችኋል። እኛም መጀመሪያ አላመንንም ነበር።

4ኛ. በሽብልቅ ማጥበቅ

ዛቢያውን ከማስገባታችሁ በፊት አናቱን በመጋዝ ሰንጥቁት። ስንጥቁ የቀዳዳውን ርዝመት ተከትሎ ይሂድ። ጥልቀቱም ቀዳዳው ሦስት ቢከፈል ሁለቱን እጅ ያህል ይሁን። ከሦስት ሁለት እጅ ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ ዛቢያው ከብረቱ በታች ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሽብልቁ ከደረቀና ከጠንካራ እንጨት ይሠራ። እርጥብ ሽብልቅ እርጥብ ዛቢያን ያህል ጠላት ነው። አንዱ ጫፉ ስል፥ ሌላው ወፍራም ይሁን። ስፋቱም ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ይሙላ። ዛቢያው ከገባ በኋላ ሽብልቁን በቀስታ እየመታችሁ አስገቡት። አልሄድም ሲል ተዉት። የተረፈውን ቁረጡ፤ ከብረቱ በላይ ግን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀሩ።

አሁን ከብረቱ በታች፥ ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ቦታ፥ በእርሳስ መስመር አሥምሩ። ሰው በሌለበት ቦታ ሃያ ጊዜ ያህል ጉቶ ምቱበት። መስመሩ ከብረቱ ከራቀ ብረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ሥራው ይደገም። ካልራቀ ጠብቋል። በየቀኑ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን መስመር ተመልከቱ። ልጅን ከአደጋ የሚያድን መስመር ነው።

ዘይት መቀባት

ዛቢያው ዝናብና ላብ እንዳይጠጣ የተልባ ዘይት ቀቡት። የተልባ ዘይት በአየር እየደረቀ እንደ ቀጭን ቆዳ ይሆናል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ እጅን ያንሸራትታል። ዘይቱን በስሱ ቀብታችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ድገሙት። ሦስት ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ይግላል። ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠልም ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ውስጥ ክተቱት።

ለሐይቅ ዳር አንባቢዎቻችን

በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ዳር ያላችሁ አንባቢዎቻችን «እኛስ?» ሳትሉ አትቀሩም። በእነዚህ ሐይቆች ዓሣ የሚያዘው ይበልጡን በመረብ ነው። ልጆች ግን በዘንግና በመንጠቆ ሲያጠምዱ እናያለን። በሌላ አገር ደግሞ ለዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከእንጨት እጀታ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው ከዶማው ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው።

ዘንጉ ከታች ወፍራም፥ ከላይ ቀጭን ነው። የእጀታውን እንጨት በመካከሉ ይበሱታል። ቀዳዳውንም በድቡልቡል ሞረድ እያሰፉ በአንድ በኩል ከሌላው ጠበብ ያለ ያደርጉታል። ከዚያ እጀታውን በዘንጉ ቀጭን ጫፍ በኩል አስገብተው ወደ ወፍራሙ ይገፉታል። ልኩ ላይ ሲደርስ ይጠብቃል። ከዚያ በማጣበቂያ ያትሙታል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ዘንጉ ላይ ክር ጠምጥመው ክፍተቱን ይሞላሉ። በእጀታው ላይ የክሩ መጠቅለያ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ይህ ቦታ ክሩ ከሚያልፍባቸው ቀለበቶች ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። ከተጣመመ ክሩ ይታከካል። ከባድ ዓሣ ሲጎትትም እጀታው በእጅ ውስጥ ይዞራል።

ሁልጊዜ ውኃ ስለሚነካውም እንጨቱን ቫርኒሽ ይቀቡታል። አንዳንዶች በእንጨት ፈንታ ቡሽ ይጠቀማሉ። ቡሽ የዛፍ ልጥ ነው። በፖርቱጋል አገር ከአንድ ዛፍ ላይ በየዘጠኝ ዓመቱ ይላጣል፤ ዛፉም አይሞትም።

እነሆ ዶማውም የዓሣ ዘንጉም አንድ ሕግ አላቸው። ቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሲገፋ ይጠብቃል።

ብረት ቢመታችሁ

ጥንቃቄ አድርገንም አደጋ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። አፈር፥ እበት ወይም የተወቀጠ ቅጠል አታድርጉበት። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንጨት በሚፈለጥበት ቦታ ልጆች በፊትም በኋላም አይቁሙ።

ያ ጎረቤታችን ዛሬ በጣሪያው ሥር አራት ፍልጦች ሰቅሏል። ሁለቱ የወይራ፥ ሁለቱ የባሕር ዛፍ ናቸው። በየጎናቸው ወርና ዓመተ ምሕረት ተጽፏል። የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ፊደሉ ትንሽ ዘመም ይላል፤ ግን ይነበባል። ልጁ እያነበበች፥ «አባባ፥ ይኼኛው ገና ነው፤ ያኛው ደርሷል» ትለዋለች።

እኛም ከእንግዲህ ያልመረመርነውን ነገር ለጎረቤት አንመክርም ብለናል።

ተወያዩበት

1. መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ሲነከር ለጊዜው የሚጠብቀው ለምንድን ነው? በኋላስ የሚላላው ለምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ ለዛቢያ የሚመረጠው እንጨት ምንድን ነው? ስንት ወር ይደርቃል?
3. የቤታችሁን መጥረቢያ ዛሬ ተመልከቱ። ይወዛወዛል? ከወዛወዘ ምን ታደርጋላችሁ? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።